የዚያን ሐሙስ ቀለም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ ወንድሜ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣ። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ስለሆነ በሥራ ሰዓት ከተማሪው ጎን ተነሥቶ የትም አይሄድም። በሩ ላይ ሳየው የያዝኩትን አስቀምጬ ወጣሁ። "እትዬ" አለኝ።

ከሚስቱ ጡት የተወሰደው ናሙና እኛ ላቦራቶሪ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ካንሰር መሆኑን ዶክተራችን ባለፈው ዓርብ ጽፈዋል። የቀረው የሪሴፕተሩ ምርመራ ነው፤ እሱ ካልታወቀ ሐኪሞቿ በየትኛው መድኃኒት እንደሚጀምሩ አይቆርጡም። ወንድሜ ይህን ሁሉ አጣርቶ ነው የመጣው። እዚያ ያለሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ አስቀድሚላት አለኝ። አስቀድምላታለሁ አልኩት። እምቢ የምልበት አፍ ከየት አባቴ ላምጣ? እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ለራሱ እንኳ አንድ ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

ያልነገርኩት ነገር አለ። የማቅለሚያው ብልቃጥ ሊያልቅ ነው። አዲሱ ታዝዟል፤ ቢፈጥን ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተብለናል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሙሽሪት ደውላ "በሰው ቋንቋ አስረጂኝ" አለችኝ። ሙሽሪት የምላት የወንድሜን ሚስት ነው። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እኔ ግን ስሙን አልተውኩትም። መጀመሪያ በነገር ነበር፣ ወንድሜን ከእጄ ነጥቃ የወሰደችው መስሎኝ። በኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ፤ እሷም "አቤት" ትለኛለች።

ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁበትን ነገር ልነግራት ተንተባተብኩ። ደግማ ብትጠይቀኝ እንዳላፍር እዚህ ልሞክረው። አንዳንዱ የጡት ካንሰር ሴል ገላው ላይ አንድ ዓይነት ተቀባይ ከልክ በላይ ያበዛል። ሪሴፕተር የምንለው እሱን ነው። "እደግ፣ ተባዛ" የሚለውን ትእዛዝ ለሴሉ የሚያስገባለት እሱ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነታችን ጀርም ለመያዝ የሚሠራው ዓይነት ነገር፣ ግን በፋብሪካ ተሠርቶ ያንን ተቀባይ ብቻ እየፈለገ እንዲይዝ የተደረገ። ይይዘውና ትእዛዙን ያግዳል፤ ለሰውነት ተከላካዮችም ጠላታቸው የት እንዳለ ያሳያል። ተቀባዩ ያልበዛበት ካንሰር ግን መድኃኒቱን ከጉዳይም አይቆጥረው። ስለዚህ የማን ካንሰር ላይ እንደበዛ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የእኔ ሥራ እሱ ነው። እኔም የምሠራው በብልቃጥ በሚመጣ ሌላ አንቲቦዲ ነው። ስስ ሆኖ ተቆርጦ ስላይድ በምንለው ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተለጠፈው ናሙና ላይ ሳፈሰው ተቀባዩን ይይዛል፤ የያዘበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ከደመቀ መድኃኒቱ ይሰጣል። ካልወጣ አይሰጥም። ይኸው ነው፤ ለዚህ ነበር የተንተባተብኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሰባት ስላይድ። ሙሽሪት አራተኛዋ። ብልቃጡን ዘቅዝቄ አንጠፍጥፌ ጨረስኩት። ለሰባት እንዲበቃ ትንሽ አቀጠንኩት። ሁሉም ያደርገዋል። ኮንትሮሉ ሳሳ ያለ ነው። ግን ቀለም አለው። ወገቤ ተቆርጧል፤ ልተኛ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዶክተሩ ሰባቱንም ከምሳ በፊት አይተው ጨረሱ። አንገታቸውን ያማቸዋል፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ይቃትታሉ። ኮንትሮሉ እንዴት እንደወጣ ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። "አንቺ ካልሽ" ብለው ፈረሙ።

ኮንትሮል ማለት ከታማሚዎቹ ስላይዶች ጋር በየጊዜው የምናቀልመው አንድ ተጨማሪ ስላይድ ነው፤ ተቀባዩ እንደበዛበት በእርግጥ ከሚታወቅ አሮጌ ናሙና የተቆረጠ። እሱ መድመቅ አለበት። ካልደመቀ የቀኑ ሥራ በሙሉ ተጥሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ለስንት አዲስ ሠራተኛ ጠረጴዛ እየደበደብኩ አስተምሬያለሁ።

ሰባቱም ኔጌቲቭ ናቸው። ከአምስት አንዷ ወይም ከዚያ ያነሰ ናት የሚደምቅላት፤ ሰባት ተከታትሎ ባዶ ሊወጣ ይችላል። ድሮም እንዲህ የሆነበት ቀን ነበር። መቼ እንደነበር ለማስታወስ አውቶብስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሞከርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ወንድሜ ቤት ዋልኩ። ውጤቱ ላይ "ኔጌቲቭ" የሚለውን አይቶ ደስ ብሎት ነበር፤ ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ያ መድኃኒት ለእሷ አይሆንም ማለት ነው፣ የተለመደውን ኬሞ ብቻ ትወስዳለች አልኩት። ፊቱ ሲጠወልግ አየሁት። ሙሽሪት ግን ሳህኖቹን እያነሣች "ይሁና፣ የሌለኝን ከየት ላምጣው" አለች። ልጃቸው፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በእናቷ ፀጉር ቤት የማድረቂያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ፀጉር ቤቱ የቤቱ የፊት ክፍል ነው።

ሳህኔን ሳልጨርስ ገፋሁት። ሙሽሪት አይታኝ እኔን ታጽናናኝ ጀመር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የመጀመሪያው ኬሞ። ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ፣ ወንድሜ መርፌ ሲያይ ስለሚያዞረው። ስድስት ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። አጠገቧ ያለችው ሴት የተሰቀለላት ከረጢት እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ነርሷ ስታመጣው እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛው ነው፤ ሲናጥ አረፋ ስለሚያወጣና ስለሚበላሽ አይወዘወዝም አለችን። አንቲቦዲው ነው።

ሙሽሪት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "እሱ ነው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ እሱን አላየችውም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እኔ ነበርኩ ጠብታውን የምቆጥር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ናሙና የምትቆርጠው ባልደረባዬ ዛሬ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ለሌላዋ ስታወራ ሰማሁ። "ያ ብልቃጥ ለሰባት ስላይድ እንዴት እንደበቃ እንጃ፣ እኔ ለአራት ነበር የገመትኩት፤ እጇ የተባረከ ነው" ትላለች። በምስጋና ነው ያለችው። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሙሽሪት ፀጉሯ እየረገፈ ነው። ዛሬ ፀጉር ቤቱ በሰው እንደተሞላ መላጫውን አንሥታ መስተዋቱ ፊት ቆመችና ራሷን በራሷ ላጨች። ደንበኞቿ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። "ምን ታያላችሁ፣ ወረፋ ሳልጠብቅ የተስተናገድኩት ዛሬ ብቻ ነው" አለቻቸው። ሳቁ። ከዚያ የወደቀውን ፀጉር ጠርጋ የሚቀጥለውን ሰው አስቀመጠች።

አንጀቴን በላችው። ይህችን ሴት ስንት ዓመት በአጉል ዓይን ሳያት ኖርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

አዲሱ ብልቃጥ መጣ። በሳምንት ዘግይቶ። ከቀትር በፊት አራት ስላይድ አቀለምኩበት። ኮንትሮሉን ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ። እንዲህ ነው የሚደምቀው። እንዲህ ነበር መድመቅ የነበረበት። ያቺን የጥቅምት 7 ኮንትሮል ከሣጥኑ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

በእረፍት ቀኔ ሥራ ገባሁ። ዘበኛው "እርስዎ ደግሞ ቤት የለዎትም?" ብሎ ቀለደብኝ። በሰም ውስጥ የተቀመጠውን የሙሽሪትን ናሙና ከመደርደሪያው አወጣሁ፣ ራሴ ቆረጥኩ፣ ራሴ አቀለምኩ። ኮንትሮል አስገባሁ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረግኩ፤ ደቂቃውን በሰዓት ያዝኩ፣ አንዲት ጠብታ አላቀጠንኩም።

ቡናማ ነው። እያንዳንዱን ሴል ዙሪያውን የከበበ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ። ለዚህ የምንሰጠው ከፍተኛ ቁጥር ሦስት ነው፤ ሙሽሪት ሦስት ናት። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ላይ አንሥቼ ብቻዬን ሳቅሁ። መድኃኒቱ ይሆናታል። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አንድ ወር በከንቱ ሄዷል፣ ያስኬድኩትም እኔ ነኝ። ከደስታውና ከኀዘኑ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም። አፍንጫዬን ጠርጌ ዕቃውን አጠብኩ።

ሰባት ስላይድ ነበሩ። ስድስቱ ከሙሽሪት ጋር መደርደሪያው ላይ ናቸው። ዛሬ ሰዓት አልነበረኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ለዶክተሩ አሳየኋቸው። የቤተሰብ ናሙና ስለሆነ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ደገምኩት አልኳቸው። አንገታቸውን እያሹ ረጅም ጊዜ አዩት። ናሙናው አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቀባይ ሲኖረው እንዲህ ሊያጋጥም ይችላል ብለው ራሳቸው ምክንያት ፈለጉልኝ። የተስተካከለ ውጤት ጽፈው ፈረሙ። "ሌላ የምትነግሪኝ አለ?" አሉኝ። የለም አልኩ።

ማታ ወንድሜ መጥቶ ከመሬት አንሥቶ አዞረኝ፤ አምሳ ሁለት ዓመቴ መሆኑን ረስቶት። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ይላል። ዐርባ ጊዜ ሳይለው አልቀረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሙሽሪት አንቲቦዲውን ጀመረች። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ክፍሉን በሙሉ እየጠራች "ያገኘችልኝ እሷ ናት፣ ልቧ አላርፍ ብሎ ደግማ አይታልኝ" ትላለች። ሌላው ወንበር ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥግ ላይ ያሉት አዛውንት ሴት "ምነው የእኔንም ደግማ ባየችልኝ" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሙሉ ቀን ከቤት አልወጣሁም። የማስበውን ሁሉ ልጻፍና ይውጣልኝ። ከስድስቱ አብዛኞቹ በእውነት ኔጌቲቭ ናቸው፤ ምናልባትም ሁሉም። ለምን በከንቱ ሰው ላስጨንቅ? ብናገር ላቦራቶሪው ይዘጋል፣ ተዘግቶ እያለ ወረፋ የሚጠብቁት ምን ይሆናሉ? ዶክተሩ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ስማቸውን አላጎድፍም። በጓዳ ደግሜ ማየት እችል ነበር፣ ግን ካየሁ በኋላ እንዳላየሁ መሆን አልችልም። ይህ የመጨረሻው ሳስበው አልነበረም፤ ስጽፈው ነው የመጣው።

ስማቸውን አላውቅም። ቁጥር ናቸው። እንዲህ መሆኑ ይሻላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ሥራ በዛ። ሁለቴ መደርደሪያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ባልደረባዬ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ሙሽሪት ሽበትሽን ካልቀባሁልሽ ብላ አስቀመጠችኝ። ውለታ መመለሷ ነው። ፀጉር ቤቱ ዝግ ነበር፤ ወንድሜና ልጁ ወጥተዋል። ራሷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ፊቷ ትንሽ ደም መልሷል። ቀለሙን በሳህን በጥብጣ ከኋላዬ ቆማ በብሩሽ መቀባት ጀመረች። ከመስተዋቱ ውስጥ ነው የምንተያየው።

"እትዬ፣ የኔ መጀመሪያ ለምን አልወጣም ነበር?" አለችኝ።

ዶክተሩ የፈለጉልኝን ምክንያት ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

"ቀለሙ ቀጥኖ ነበር" አልኳት።

ብሩሹ ቆመ። "የዛን ቀን የቀባሽው የኔን ብቻ ነው?"

"ሰባት ነበሩ።"

ከሳህኑ ቀለም ጨለፈች። ከጆሮዬ በላይ ያለውን ከፈል እያደረገች መቀባቷን ቀጠለች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

"እኔ ቀለም ቀጥኖብኝ አንዷን ደንበኛ ደግሜ ብቀባት፣ በዛው ሳህን የቀባኋቸውን ሁሉ ነው የምጠራው" አለች። "ቀለሙ እኮ አንድ ነው።"

ስታጥበኝ ውኃው ሙቀቱን እየሞከረች፣ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ በመዳፏ ግንባሬን እየጋረደች ነበር። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ሦስት ቀን በጠዋቱ ሰው ሳይገባ። ስድስቱንም ደገምኩ። አምስቱ ባዶ ናቸው፣ በእውነት ባዶ። ሁለተኛዋ ስላይድ ሦስት። ከሙሽሪትም ትደምቃለች። መዝገቡን ከፈትኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። ስም አላት። እዚህ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። በራቸውን ዘግቼ፣ ሳልቀመጥ። ብልቃጡ ሊያልቅ ስለነበር ቀለሙን ለሰባት ሰው እንዲበቃ እንዳቀጠንኩት፣ ሙሽሪት ብቻዋን እንዳልነበረች፣ ሁለተኛዋም እንደደመቀች። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። "ፊርማው የኔ ነው" ብቻ አሉ።

ኮንትሮሉ ደካማ መሆኑን መቼ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። አዲሱ ብልቃጥ መጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት ያን ቀን ነው።

ለኃላፊው አብረን ሄድን። ጉዳዩ እስኪጣራ ቀለም እንዳልነካ ታዝዣለሁ። የሁለተኛዋ ስላይድ ሴትዮ ትጠራለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ለወንድሜ ነገርኩት። ለማታውቂያቸው ሰዎች ብለሽ ሥራሽን ልታጪ ነው እንዴ፣ ሙሽሪት ድናልሽ የለ ወይ ይላል። ገና አልዳነችም አልኩት። በንዴት ወጣ። ሙሽሪት ምግብ አቀረበችልኝ። እኔ እስክጨርስ ከፊቴ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የመጣሁት እንድትመሰግነኝ ፈልጌ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ሴትዮዋ ዛሬ መጣች። ቀጭን ናት፣ ረጅም፤ ካፖርቷን አላወለቀችም። ባሏ ትልቅ የራጅ ፖስታ በብብቱ ይዟል። ከዶክተሩ ፊት ሁለት ወንበር ነበር፤ እኔ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። እንድገኝ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ዶክተሩ ብትቀሪም አልፈርድብሽም ብለውኝ ነበር።

ዶክተሩ በለሰለሰ ድምፅ ነገሯት። የማቅለም ስሕተት ነበር፣ ተቀባዩ በብዛት አለሽ፣ አንቲቦዲው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመርልሻል አሏት። ባሏ ፖስታውን ከፍቶ ምስሉን አቀበላቸው። ማክሰኞ የተነሣችው ነው። ጉበቷ ላይ ነጠብጣቦች አሉ። ጥቅምት ላይ የተነሣችውም አብሮ አለ፤ ጉበቷ ንጹሕ ነበር። ዶክተሩ ሁለቱን ምስሎች ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና ቀስ ብለው መለሷቸው። መድኃኒቱ አሁንም ይሰጣታል፤ ያግዛታል፣ ዕድሜዋን ይጨምርላታል። ሐኪሞቿ ግን ከእንግዲህ ስለ መዳን አያወሩም። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ እሷ ግን አስቀድማ ታውቀው ነበር።

ወደ እኔ ዞረች።

"የሚያቀልሙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"ቀለሙ እንዳልሠራ መቼ ነው ያወቁት?"

ዶክተሩ ስለ እኔ መልስ መስጠት ጀመሩ። ኅዳር ላይ አዲሱ ብልቃጥ ሲመጣ፣ አሉ። ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። ሴትዮዋ ግን የምታየው እኔን ነበር።

"አይደለም" አልኳት። "ያንኑ ቀን ነው ያወቅሁት። ጥቅምት ሰባት፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። ኮንትሮሉ ደካማ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ዶክተሩ ሲጠይቁኝ ጥሩ ነው አልኳቸው።"

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት ልጽፈው አልችልም። ባሏ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፤ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ክንዱን ያዝ አድርጋ አስቀመጠችው። ለራሷ ቀን እየቆጠረች ነበር፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ጥቅምት ሰባት" አለች። "በዛን ሳምንት እኮ ደኅና ነበርኩ። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው፣ በእግሬ ነበር የምወጣው።"

ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የሚመስለው። ባሏ ምስሎቹን ወደ ፖስታው መለሰ፤ እሷ ክንዱን ተደግፋ ተነሣች። ዶክተሩ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ተመልሰው ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። በበሩ ክፍተት ኮሪደሩ ይታየኝ ነበር። ሊፍቱን ጠርተው ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሷ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። ከእኛ ክፍል እስከ መውጫው በር አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው።